ቴራፒስቷ ስትሄድ ምን ይቀራል?

በአሜሪካ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር በባህሪ ቴራፒ መሥራት ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያው የሙያ በር ከሆነ ቆይቷል። 18 ዓመት የሞላውና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ፣ የብቃት ምዘናውንና ፈተናውን ካለፈ በበላይ ባለሙያ ክትትል ሥር ከልጅ ጋር መሥራት ይጀምራል። ከፍ ማለት የፈለገ ማስተርሱን ይይዛል፣ እስከ 2,000 ሰዓት የሚደርስ የተግባር ልምምድ በክትትል ይሠራል፣ ከዚያ በራሱ ፊርማ የልጆችን ፕሮግራም ይነድፋል። ሥራው አንድ ቢሮ ላይ የማያስር መሆኑ ደግሞ መንገድ የሚወዱትን ይስባል። ዘንድሮ በአንዱ ግዛት ትምህርት ቤት ተቀጥሮ ከርሞ ወደ ሌላው ማለፍ፣ በዱባይ ወይም በዶሃ ማዕከል ውል መፈረም፣ በእረፍት ወራት አፍሪካና እስያ ብቅ ብሎ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ይቻላል። ከእነዚህ ወጣቶች መሀል የእኛ ልጆች አሉበት። በአሜሪካና በአውሮፓ ያደጉ፣ ሙያውን የያዙ፣ ክረምት ሲመጣ «አገር ቤት ገብቼ ላግዝ፣ እግረ መንገዴንም አገሬን ልይ» የሚሉ።

ይህን ሐሳብ በሁለት መንገድ ማጣጣል ቀላል ነው። አንዱ «የታመመ ልጅ የሽርሽር ሰበብ አይሁን» ማለት ነው፤ ሌላው ደግሞ ከውጭ የመጣውን ሁሉ እልል ብሎ መቀበልና ከሄደ በኋላ ዝም ማለት። ሁለቱም ጥያቄውን አይነኩትም። ጉዞን መውደድ ነውር አይደለም፤ ኦቲዝምም በመድኃኒት የሚለቅ በሽታ ሳይሆን ከልጁ ጋር የሚያድግ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። የእኔ አቋም ሙያውና መንገዱ አብረው ይሄዳሉ የሚል ነው፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የሥራው መለኪያ ቴራፒስቷ ከልጁ ጋር የቆየችባቸው ሰዓቶች ከሆኑ ጉዞዋ ልጁን ይጎዳዋል። መለኪያው እሷ ከሄደች በኋላ ልጁ ከእናቱ፣ ከመምህሩና ከሰፈሩ ሰው ጋር የሚያደርገው ነገር ከሆነ ግን ጉዞዋ ራሱ የሙያዋ አካል ሊሆን ይችላል። (በሙያው ያሉት አብዛኞቹ ሴቶች ስለሆኑ በሴት አንቀጽ መጥራቴን ወንዶቹ ይቅር ይበሉኝ።)

ሥራውን በቅርብ ሳናየው ብንከራከር ነፋስ መጎሰም ይሆናል። ከመገናኛ አራት ኪሎ በሚኒባስ ታክሲ መሄድን እንውሰድ። ለአብዛኛው ሰው አንድ ድርጊት ነው። የባህሪ ቴራፒስት ግን ትበትነዋለች፦ ሰልፍ ላይ መቆም፣ የፊተኛው ሰው ፈቀቅ ሲል ፈቀቅ ማለት፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ መግባት፣ የመስኮቱ ቦታ ተይዞ ከሆነ ባለው መቀመጥ፣ የረዳቱን ጩኸት መታገስ፣ «ሒሳብ!» ሲባል ብሩን መስጠት፣ መልስ መቀበል፣ መውረጃው ሲቃረብ «ወራጅ አለ» ማለት። መናገር ለማይችል ልጅ የመጨረሻው የረዳቱን ትከሻ ነካ ማድረግ ወይም ካርድ ማሳየት ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ልጁ የትኛውን ብቻውን እንደሚያደርግ፣ በየትኛው ላይ እጁ መያዝ እንዳለበት ትመዘግባለች፤ እርዳታዋን ቀስ በቀስ ትቀንሳለች፤ የቻለውን ወዲያው በሚወደው ነገር ታበረታታለች። ልጁ ታክሲው ውስጥ ጆሮውን ይዞ ቢጮህ አትቆጣውም። ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር፣ ከጩኸቱ በኋላስ ምን ተከተለ? ሬዲዮኑ ከፍ ተደርጎ ነበር? ሲጮህ እናቱ ይዛው ወረደች? ስልኳን አውጥታ ሰጠችው? የጩኸቱን ሥራ ካወቀች በኋላ ያንኑ ነገር በሰላም የሚጠይቅበትን መንገድ ታስተምረዋለች። ሙያው በአጭሩ ይኸው ነው፤ አብዛኛው ክፍሉም መንገደኛ ዓይንን ይፈልጋል፤ ሌላው ሰው ለምዶት የማያየውን ነገር የሚያይ ዓይን።

ችግሩ የሚጀምረው ልጁ የተማረው ነገር ከማን ጋር እንደተያያዘ ስንጠይቅ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ በአንድ ክፍል፣ ከአንዲት ሴት ጋር፣ በአንድ ሰማያዊ ብርጭቆ «ውሃ» ማለትን ተምሮ እቤቱ ሲገባ ተጠምቶ ሊያለቅስ ይችላል። አልረሳም፤ የተማረው ከዚያች ሴት፣ ከዚያ ክፍልና ከዚያ ብርጭቆ ጋር ነው። በ1977 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን ናቸው) ስቶክስና ቤር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሙያው ውስጥ ዛሬም የሚጠቀስ ጽሑፍ አወጡ። የጊዜያቸውን ጥናቶች ሲያገላብጡ ያገኙት በጣም የተለመደው አካሄድ ልጁን አሠልጥኖ የቀረው በራሱ ይመጣል ብሎ ተስፋ ማድረግ ነበር። ይህ ተስፋ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መሻገር ራሱ ታቅዶ መማር እንዳለበት አሳዩ። በብዙ ሰው፣ በብዙ ቦታ፣ በተለያየ ዕቃ፣ ልጁ በዕለት ኑሮው በሚያገኘው ሽልማት። ይህንን ዝርዝር ያነበበ ሰው ከሌላ አገር ለጥቂት ሳምንታት መጥቶ ከልጁ ጋር ለብቻው ክፍል የሚዘጋ ባለሙያ ከዝርዝሩ ተቃራኒ እየሠራ መሆኑን ይረዳል።

ከዚህ የሚጠነክር ማስረጃ ደግሞ ከሙያው አባት ከኢቫር ሎቫስ ዘንድ ይገኛል። ሎቫስ ራሱ መንገደኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ተሻግሮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሠራ ሰው ነው። በ1973 ከባልደረቦቹ ጋር በባህሪ ቴራፒ የረዷቸውን 20 ልጆች ውጤት ሲያሳትም፣ ልጆቹ በሕክምናው ወቅት መለወጣቸውን ብቻ አልጻፈም። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ቆይተው ሲያዩአቸው ልዩነቱን የፈጠረው ልጁ ከሕክምናው በኋላ የሄደበት ቦታ ነበር። ወላጆቻቸው ዘዴውን የሠለጠኑላቸው ልጆች መሻሻላቸውን ቀጠሉ። ወደ ማቆያ ተቋም የተላኩት ያገኙትን አጡ። ከዚህ ጥናት እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ክፍል አለ፦ ተቋም የገቡት ልጆች ሕክምናው ለአጭር ጊዜ እንደገና ሲጀመርላቸው የቀድሞው ችሎታቸው ተመለሰ፤ ግን ለጊዜው ብቻ። በየዓመቱ ክረምት የምትመጣ እንግዳ ልጁን ስታገኘው «ያስተማርኩትን አልረሳም!» ብላ የምትደሰትበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። እሷ ፊት ያለው ልጅና በጥቅምት እናቱ ፊት ያለው ልጅ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ሎቫስ በ1987 ያወጣው ጥናት የበለጠ ታዋቂ ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከተረዱት 19 ልጆች ዘጠኙ መደበኛ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ገብተው ተከታተሉ፣ የአእምሮ ምዘና ውጤታቸውም ከእኩዮቻቸው ተስተካከለ ይላል። ልጆቹ በዕጣ አለመመደባቸውን ጨምሮ ብዙ ትችት ቀርቦበታል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ለእኛ ጉዳይ ግን ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ ብንቀበለው እንኳ ለመንገደኛዋ አይጠቅማትም። በሳምንት 40 ሰዓት ለሁለት ዓመት መስጠት የሚችለው አጠገቡ የሚኖር ሰው ነው። በዚያ ጥናት ውስጥም ወላጆች ሠልጥነው የልጃቸው የነቃበት ሰዓት ሁሉ የትምህርት ሰዓት እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ጥናቱን እንደ ባንዲራ ይዘው የሚዞሩ ሰዎች ይህን ክፍሉን ሲያነሱት ብዙ አይሰማም።

«ታዲያ ምንም ከሌለበት አገር ትንሽ ነገር አይሻልም?» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። በ2021 የላንሴት ኮሚሽን በዓለም ላይ ቢያንስ 78 ሚሊዮን ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች እንዳሉ ጠቅሶ አብዛኞቹ በቂ ድጋፍ እንደማያገኙ አስታውቋል። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ያሉት ጥቂት ማዕከላት ተራ የሚጠብቀው ወላጅ ብዙ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጪ ላለው ደግሞ ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ራሱ ጥቂት ነው። በ2016 በአዲስ አበባ 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ያነጋገረ ጥናት እንዳሳየው ብዙዎቹ የልጃቸውን ሁኔታ በሕክምናም በመንፈሳዊም ምክንያት ይረዱታል፤ ሆስፒታልም ፀበልም ይሄዳሉ፤ አላገኘንም ከሚሉት ነገር ቀዳሚው ለልጃቸው ትምህርት ነው። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ላለች እናት «የሦስት ሳምንት እንግዳ አያስፈልግሽም» ማለት ጭካኔ ይመስላል።

ነገር ግን በዚህ ሙያ ጀምሮ መተው ካለመጀመር የሚከፋበት ጊዜ አለ፤ የሚከፋበትም ምክንያት በደንብ የታወቀ ነው። ልጁ እየጮኸ የእናቱን ስልክ የሚያገኝ ከሆነ ቴራፒስቷ ሲጮህ ስልኩ እንዳይሰጠው፣ በምትኩ በእጁ እየጠቆመ ወይም ካርድ እየሰጠ ሲጠይቅ ወዲያው እንዲያገኝ ታደርጋለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቱ ይብሳል፤ ልጁ የሠራለት ነገር እንዳልሠራ ሲያይ አጠንክሮ ይሞክራል። ይህን ማዕበል የሚያሻግር ሰው ካለ ነገሩ ይረግባል። እንግዳዋ በዚያ መሀል ሻንጣዋን ካነሳች ግን እናት ብቻዋን ትቀራለች፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል፣ አያት «ልጁን ልትገድሉት ነው?» ይላሉ፣ ስልኩ ይሰጣል። ልጁ የተማረው ትምህርት አሁን ሌላ ነው፦ ረዘም አድርገው ከጮኹ ይገኛል። አንዳንዴ የሚሸለም ባህሪ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለማጥፋት እንደሚያስቸግር በባህሪ ጥናት ውስጥ ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ነው። እናትም «ፈረንጆቹ ያቃታቸው ልጅ» ይዣለሁ ብላ ተስፋዋ ይቀንሳል። ስለዚህ ትንሽ ነገር ይሻላል የሚለው ክርክር ትንሹ ነገር ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ መልስ አይሆንም። አሜሪካ ያለው የባህሪ ተንታኞች ሰርተፊኬት ሰጪ ቦርድ ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት የሥነ ምግባር ደንብም ባለሙያው አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ፣ ከተላለፈም በሥርዓት እንዲተላለፍ እንዲጥር ያዝዛል። አውሮፕላን ተሳፍሮ መውጣት ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርግም።

ሊመጣ የሚገባው ትንሽ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ማስረጃ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ያለባቸውን ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆች ለሚያሳድጉ ሰዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት። ኢትዮጵያ ይህ ሥልጠና ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ናት። የአሠራሩ ብልሃት ያለው በሰንሰለቱ ላይ ነው፦ ጥቂት ዋና አሠልጣኞች የአካባቢውን አመቻቾች ያሠለጥናሉ፣ አመቻቾቹ ወላጆችን ያሠለጥናሉ፤ አመቻች ለመሆን ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ከውጭ የመጣ ሰው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለው ቦታ አጭርና የተወሰነ ስለሆነ መሄዱ ሰንሰለቱን አይበጥሰውም። ሻንጣ የያዘች ቴራፒስት ልትገባበት የሚገባው ክፍተት ይህ ነው፤ ከልጁ ጎን ሳይሆን ከልጁ ጎን ከሚቀመጡት ጎን።

እዚህ ላይ ሌላ ተቃውሞ ይመጣል፦ እንዲህ ከሆነ ለምን ትመጣለች? በቪዲዮ አታሠለጥንም? በእርግጥ ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2016 የታተመ ጥናት ወላጆች በቪዲዮ እየተመሩ ልጆቻቸውን መግባባትን ሲያስተምሩ አስቸጋሪው ባህሪ በአማካይ ከ90 በመቶ በላይ መቀነሱን፣ ውጤቱም ባለሙያው ቤት ድረስ ሄዶ ካሠለጠነው ጋር ተቀራራቢ መሆኑን፣ ወጪውም ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። እኔ ግን ከዚህ የምወስደው ትምህርት ቪዲዮ ከጉዞ በኋላ ያለውን ክፍተት ይሞላል የሚለውን ነው። በአዮዋ አሠልጣኙና ሠልጣኙ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ዓይነት ቤት፣ የማይቆራረጥ መብራትና ኢንተርኔት ነበራቸው። ከዴንቨር በስክሪን የምታይ ሴት ደግሞ የዕጣኑ ጭስ ክፍሉን ሲሞላው አይሸታትም፤ ቡናው ሲቆላ ልጁ ለምን ወደ ጓዳ እንደሚሮጥ፣ ለምን ማስታጠቢያው ሲቀርብ እጁን እንደሚሰበስብ ካሜራው አያሳያትም። ውሃው ከላይ ሲፈስበት የሚደነግጥ ልጅ ከቧንቧ መታጠብን ስለተማረ ብቻ እንግዳ በተቀመጠበት ማዕድ ላይ አይታጠብም። ይህን ለማየት መምጣት ያስፈልጋል።

እንዲያውም ጉዞን የሚወድ ሰው ለዚህ ሙያ የሚያመጣው ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ክፍሎች «ዓይኔን እይ» የሚለው ትእዛዝ የመጀመሪያው ትምህርት ነበር። እኛ ዘንድ ታላቅን ትኩር ብሎ የሚያይ ልጅ ባለጌ ይባላል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ አፉ ውስጥ የሚገባው ነገር ልስላሴና ሙቀት የሚያስጨንቀው ልጅ ግን ከአክስቱ እጅ ሲሸሽ ንቀት ይመስላል። ለዚህ ልጅ ጉርሻን በግድ ማስዋጥ ትምህርት አይደለም፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ጠግቤያለሁ» ማለትን ማስተማር ግን የቤቱንም ክብር፣ የልጁንም አካል ይጠብቃል። አሜሪካ የታተሙት የሥዕል ካርዶች ሳንድዊችና ፒዛ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጁ የሚፈልገው ቆሎ፣ ሽሮ፣ የሱቅ ብስኩት ነው። በአንድ አገር ብቻ የሠራች ቴራፒስት የትኛው የሙያው ሕግ፣ የትኛው የአገሯ ልማድ እንደሆነ ለመለየት ትቸገራለች። ብዙ ቤት የገባች፣ መሬት ላይ ተቀምጣ የበላች፣ ባህሪ ከሚታይበት ቦታ ተነጥሎ የማይቆም ነገር መሆኑን በዓይኗ ያየች ግን ትለየዋለች። እንዲህ ያለው ጉዞ ከሥራ ሰዓት የተሰረቀ ሽርሽር አይባልም።

በዚሁ ላይ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ዞር ብለን አንድ ነገር እንይ። በእነዚያ ከተሞች ማዕከላት ከየአገሩ የመጡ ቴራፒስቶች ይሠራሉ፤ ልጁ ግን ቀሪውን ቀን የሚውለው ብዙ ጊዜ ከቤት ሠራተኛዋ ጋር ነው፤ ሠራተኛዋም አንዳንዴ ኢትዮጵያዊት ናት። ፕሮግራሙ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ለወላጆች ይብራራል፤ የምታበላውን፣ የምታለብሰውን፣ ሲጮህ የምታባብለውን ሴት የሚጠይቃት የለም። ልጁ ከማንም በላይ የሚያያት ሰው ከሥልጠናው ውጪ ከሆነች የ1973ቱ ጥናት ውጤት ምን እንደሚሆን ነግሮናል። አማርኛ የምትችል ቴራፒስት ዱባይ ወይም ዶሃ ሄዳ ብትሠራ ማንም ያላያትን ይህችን አሠልጣኝ ማግኘት ትችላለች። ለእኛ ተጓዥ ወጣቶች ከዚህ የተሻለ የሥራ መስክ አላውቅም፤ ቀጣሪዎቹም ቢያስቡበት ገንዘባቸውን ያተርፉ ነበር።

ዘዴው ራሱ እንደሚወገዝ ሳልጠቅስ ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ሎቫስና ሌሎች በ1960ዎቹ ጥፊና የኤሌክትሪክ ንዝረት ተጠቅመዋል፤ በ1965 ላይፍ መጽሔት ይህንኑ በፎቶ አሳይቷል። ዛሬ በቴራፒው ያለፉ አዋቂ ኦቲስቲኮች «እጄን ማወዛወዜን አስተዉኝ እንጂ የሚያስጨንቀኝን አልጠየቁኝም» የሚል ዓይነት ክስ ያቀርባሉ። ክሱን ማጣጣል አልችልም። ማንንም የማይጎዳ እንቅስቃሴን ማፈን፣ ልጁ «ተራ» እንዲመስል ብቻ ሰዓታት ማስፈጀት የሚከላከልለት ምክንያት የለውም። ራሱን የሚነክስን ልጅ የሚፈልገውን እንዲጠይቅ ማስተማር፣ መንገድ ሲያቋርጥ እንዲቆም ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው። የጉዞው ጥያቄ ከዚህ ጋር የሚገናኘው በተጠያቂነት በኩል ነው። በራሷ አገር ያለች ቴራፒስት ፈቃድ ሰጪ አላት፣ የበላይ ተቆጣጣሪ አላት፣ የሚከራከሯት አዋቂ ኦቲስቲኮች አሉ፤ እዚህ ስትመጣ ሁሉም ከኋላዋ ይቀራል፣ ወላጅም ለእንግዳ ያለው አክብሮት አፉን ይይዘዋል። በዚያ ላይ የአሜሪካው ቦርድ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ፣ ከጥቂት አገሮች በቀር፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጪ ለሚኖሩ አዲስ አመልካቾች በሩን ዘግቷል። ሰርተፊኬቱን ይዛ የመጣችው ትሠራለች፤ አዲስ አበባ የምትኖረው መምህርት ግን ያንኑ ወረቀት ማግኘት አትችልም። ይህ ሚዛን የተዛባ ነው፤ እንግዳዋ ልታስተካክለው ባትችልም ቢያንስ እውቀቱን ከራሷ ጋር ይዛው እንዳትመለስ ያስገድዳታል።

የቆየው ነገር በማን እጅ እንደቆየ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ይመሰክራል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አሜሪካ ኖረው የተመለሱ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት በዚህ ጉዳይ የሚያናግራቸው ሰው እንኳ ማግኘት በሚያስቸግርበት ጊዜ ነው። በ2021 ሲያርፉ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚናገር አገር ትተው ነው። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ የተነሳው ከዚሁ ከአገር ውስጥ ጥረት ነው። ሁለቱም ከውጭ እውቀት ወስደዋል፤ ወይዘሮ ዘሚም መንገድ ያልሄዱ ሰው አልነበሩም። ልዩነቱ ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍት ሰው እዚሁ መኖሩ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው። የአንድ ሰው የአውሮፕላን ቲኬትና የሆቴል ወጪ አንዲትን የልዩ ፍላጎት መምህርት ለወራት ሊከፍላት ይችላል፤ ታዲያ ገንዘቡን ለምን አትልክም ይባላል። ጉዞው ልጅን ለመያዝ ከሆነ ይህ ተቃውሞ መልስ የለውም፤ ትላክ። ጉዞው እንዲህ ያሉ መምህራንን በቡድን ለማብቃት ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ደመወዝ ብቻውን ችሎታ አይሆንም። ቴራፒስቷም የራሷን ጥቅም ልትደብቅ አይገባም። ከልጅ ጋር ቀኑን ሙሉ መሥራት ያደክማል፣ ሙያውንም ጥለውት የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው፤ መንገድ የሚያድሳት ከሆነ ለልጆቹም ደግ ነገር ነው። የምለምናት ሦስት አራት አገር ከምትዞር አንድ ከተማ ደጋግማ እንድትመጣ ነው፤ ሁለተኛው ጉብኝት የመጀመሪያውን ይፈትነዋልና። ጊዜውንም ትምረጥ። የአሜሪካ የበጋ እረፍት የእኛ ክረምት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤቶቻችን ዝግ ናቸው፣ ልታሠለጥናቸው የሚገቡት መምህራንም ተበትነዋል። የገና ሰሞን ወይም የካቲት ይሻላል፤ ለጎብኚም አየሩ ይመቻል፣ ጥምቀትም በዚያው ነው።

የሚቀበሏት ማዕከላት ደግሞ እንግዳ ተቀባይነታቸውን ሳያጓድሉ ደፍረው ይጠይቁ። ከመምጣቷ በፊት የትኞቹን ሠራተኞች በምን እንደምታሠለጥን በአማርኛ የተጻፈ ዕቅድ ይቀበሏት። በቴሌግራምም ሆነ በሌላ መንገድ ለስንት ወር፣ በየስንት ጊዜው እንደምትከታተል ቀኑ ይታወቅ። ያለ መምህሯ ከልጅ ጋር ብቻዋን አትቀመጥ። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ እጇን ከሥራው ላይ አንስታ ከክፍሉ ጥግ ትቀመጥ፤ መምህሯ ትሥራ፣ እናትየው ትሞክር፣ እንግዳዋ ትመዝግብ። ያን ሳምንት ብዙ ጊዜ ከወንበሯ መነሳት ካስፈለጋት ሥልጠናው አላለቀም ማለት ነውና የመመለሻ ቀኗን ለማራዘም ወይም በቶሎ ለመመለስ ትዘጋጅ። ይህን የማትቀበል ብትኖር ላሊበላንና ጎንደርን አይታ በሰላም ትመለስ፤ ለዚያ የልጆቹ ስም አያስፈልጋትም።